ኤርጫፎ የገዘፈበት እሑድ

ኤርጫፎ ድምፁ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነበር። አርባ ምንጭ ፍርድ ቤት ደጃፍ ቆሞ የባለጉዳይ ስም ሲጠራ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንቀጠቀጣል። ደንግጦ ዞር ያለ ባለጉዳይ ግን ጠሪውን ለማየት አንገቱን ዝቅ ማድረግ ነበረበት። "ይሄ ሁሉ ድምፅ ከዚህ ነው የወጣው?" ይሉታል። ኤርጫፎ ለምዶታል፤ ሰው ሳይስቅ በፊት ራሱ ይስቃል።

በ1989 ዓ.ም. የሥዕል መምህርቷ ልክነሽ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ የምትለጥፈው የሥዕል ታሪክ ከተማውን ይዞት ነበር። ሐይቅ ዳር ስለሚኖር አንድ ግዙፍ ሰውና መዳፉ ላይ ስለምትቆም ልጅ ነው። አዲስ ገጽ በተለጠፈ ቁጥር ግፊያው ሌላ ነው። ይህን ያየው የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ወንደሰን፣ "በሰው አስጫውተን ፊልም እናድርገው" አለ። ተማሪዎቹ ገና ከአሁኑ አስጠነቀቁት፤ ግዙፉ ካልገዘፈ፣ ልጅቷም መዳፍ ላይ ካልቆመች አናይም አሉ።

ለግዙፉ የሚሆን ድምፅ ያለው ኤርጫፎ ብቻ ነበር። በመልክ ደግሞ ቁርጥ የልጅቷን ሥዕል የምትመስለው ሐሴት ናት፤ የመረብ ኳስ ተጫዋቿ። ችግሩ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው፤ ኤርጫፎ ትከሻዋ ላይ ይቀራል።

"ወንደሰን፣ ጤና የለህም እንዴ?" አለች ልክነሽ።

"ቁመቱን ለካሜራው ተይው" አለ ወንደሰን።

ኤርጫፎ ሐሴት ስትጫወት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያላየባት ቅዳሜ አልነበረችም፤ ሰላም ብሏት ግን አያውቅም። አሁን ቃል በቃል "እወድሻለሁ" ሊላት ነው፤ ያውም ታዞ! የእሑዱን ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ተኮሰው።

እሑድ ረፋዱ ላይ ዓባያ ሐይቅ ዳር ካለው ሜዳ ተገናኙ። ኤርጫፎ ከሐሴት አጠገብ ሊቆም ሲዘጋጅ ወንደሰን ክንዷን ይዞ ወሰዳት። ወሰዳት፣ ወሰዳት፣ አውራ ጣት እስክታክል ድረስ።

"ኧረ ወዴት ነው የምትወስዳት?" ብሎ ጮኸ ኤርጫፎ።

"ትንሽ ትሁን አላላችሁም?"

ወንደሰን ተመልሶ መጣና ኤርጫፎን ካሜራው አፍንጫ ሥር አቆመው። እሱ ራሱ በሆዱ ተኝቶ ካሜራውን ከመሬት አስጠጋ። ሩቅና ቅርቡ እኩል ጥርት እንዲል የሚያቃጥል ፀሐይ ያስፈልጋል ብሎ ቀትር እስኪሆን አስጠበቃቸው። ጀርባው ለሐይቁ ስለሆነ፣ አዞ እንዳይወጣ የመጠበቁ ሥራ የልክነሽ ሆነ።

"መዳፍህን ዘርጋ። ከፍ! ከፍ አድርገው እንጂ፣ ልጅቷ አየር ላይ ቀረች! አዎ፣ አሁን ቆመችልህ። በል መዳፍህን እያየህ አፍቅራት።"

መዳፉ ላይ ላብ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ሐሴትም ብትሆን የተሰጣት ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ረጅም ዱላ ነው፤ የግዙፉ ዓይን ነው ተብላ ወደ ላይ አንጋጣ ታየዋለች።

ኤርጫፎ ጉሮሮውን ጠረገ። "አንቺ ትንሿ፣ ነፋሱ እንዳይወስድሽ በጣቶቼ ልከልልሽ!"

ይህን ጊዜ ከኋላው ዋይታ ተሰማ። እናቱ ወለቴ ከጫኖ መንደር መጥተዋል። አንዲት ሙዝ ነጋዴ ዓርብ አመሻሽ በዚያ ስታልፍ ንግግሩን ብቻውን ሲለማመድ አይታው፣ "ልጅሽ ሜዳ ላይ ብቻውን እጁን እያፈቀረ ነው" ብላ ነግራቸዋለች። ወለቴም መምሬ ተክለወልድን አስከትለው፣ በአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠበል ይዘው ደርሰዋል።

ኤርጫፎ "እማዬ፣ ፊልም እኮ ነው!" ከማለቱ ጠበሉ ፊቱ ላይ አረፈ፤ የተተኮሰው ሸሚዝም አልተረፈም።

ወንደሰን ካሜራውን አቅፎ፣ "መምሬ፣ እባክዎ በዚህች ቀዳዳ ይመልከቱ!" ብሎ ለመነ።

መምሬ ጥምጣማቸውን ይዘው በግድ ተንበረከኩ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ፤ ቀና ብለው ኤርጫፎን አዩ፤ ተመልሰው በቀዳዳዋ አዩ። "ወይ ግሩም! አንቺ ወለቴ፣ ሰይጣን አይደለም፤ ርቀት ነው። ልጅቷን ማዶ አቁመው ነው እንጂ!" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወንደሰንን፣ "እኔንስ እዚህ ብታቆመኝ?" አሉት።

ወለቴም አዩ። ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ።

"እንዲህ ያለ ሰው እኔ አልወለድኩም" አሉ። "ልጄን ወደ ልኩ መልሱልኝ።"

ከማዶ የሐሴት ጩኸት መጣ፤ "ልናገር ወይስ እዚሁ ልድረቅ?"

ፊልሙ የታየው ከወር በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ከቀበሌ በተለመነ ቴሌቪዥን ነው። ግዙፉ ሰማዩን ሞልቶ ብቅ ሲል ተማሪው ወንበር ላይ ቆመ። ኤርጫፎ ግን ራሱን አላየም። ቀረጻው ሲያልቅ ከሐሴት ጋር አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ነበር የተለያዩት፤ ያን ቀን ከርቀቱ የተነሣ ፊቷን ስላላየው አሁን ገና ማየቱ ነው። ወንደሰን ቀረብ ብሎ ለብቻዋ ባነሣት ቦታ ላይ አንጋጣ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ "ካንተ ጥላ በቀር ቤት የለኝም" ስትል ሳያስበው መዳፉን ዘረጋ።

ሲወጡ ደጃፉ በልጆች ተሞልቷል። "ግዙፉ የት አለ?" እያሉ በኤርጫፎ ራስ ላይ አሻግረው ያያሉ። እሱም መሐላቸው ቆሞ አብሮ ፈለገ። ሐሴት አይታው በሳቅ ፈረሰች።

እንደ ምንም ደፍሮ ጠየቃት። "ያን የጥላውን ነገር ስትዪ ማንን እያየሽ ነበር?"

"ዱላውን ነዋ!" አለች። "አንተስ?"

"ባዶ እጄን።"

ወደ ሴቻ ሠፈር የሚወስደውን ዳገት አብረው ያዙ። እሷ በረጅም እግሯ ቀደም አለችና ቆም ብላ ጠበቀችው።

"ለሚቀጥለው ልክነሽን ግዙፍ ሴት እንድትሥል እነግራታለሁ። እኔ እገዝፋለሁ፣ አንተ መዳፌ ላይ ትቆማለህ።"

"ማዶ የምታቆሙኝ ከሆነ አልጫወትም" አለ ኤርጫፎ።

ሐሴት ዝቅ ብላ አየችው። ከዚያ እርምጃዋን ከእርምጃው ጋር አስተካክላ እስከ ቤቷ ደጃፍ ድረስ አብራው ሄደች።