የኦውቴይሮ ቤት ልጅ

ኤቴልቪናን ብራጋንሳ ከተማ ወዳለው ቤተ መዛግብት የወሰዳት የዘር ፍለጋ ሳይሆን የወይራ ማሳዋ ነው። መንግሥት የገጠር መሬት ሁሉ በባለቤቱ ስም ይመዝገብ ባለበት ዓመት፣ እሷና ባሏ አዴሪቶ ከተጋቡ ጀምሮ ያረሱት መሬት በወረቀት ላይ የእነሱ አለመሆኑ ታወቀ። በሰነዱ ላይ የሰፈረው ስም የጃሲንቶ ነው። ጃሲንቶ ደግሞ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ መሬቱ ከጃሲንቶ ተነስቶ በእነማን በኩል እጃቸው እንደገባ ማስረጃ እንዲያመጡ ነገራቸው።

«ጃሲንቶማ የቅድመ አያቴ አባት ነው» አለ አዴሪቶ ወደ ቤት ሲመለሱ። «ለዚህም ወረቀት ያስፈልጋል? አገር የሚያውቀውን!»

«እንግዲያው አገሩ ይምጣና ይፈርምልህ» አለችው።

አዴሪቶ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። የሚያናግረው አንድ ጉዳይ ቢኖር ቤታቸው ነው፤ ከኮረብታው ጫፍ ያለው፣ የመንደሩ ሰው ኦውቴይሮ ቤት የሚለው የድንጋይ ቤት። የኦውቴይሮ ሰዎች ከየትም አልመጡም፣ እዚያው የበቀሉ ናቸው ይል ነበር። ይህን ያስተማረችው እናቱ ፔርፔቱዋ ናት። ፔርፔቱዋ የዚያ ቤት ልጅ ነበረች፤ ባሏ እንኳን ወደ እሷ ቤት ገብቶ ኖረ እንጂ እሷ ከደጇ አልወጣችም። ኤቴልቪና የበቅሎ ነጂ ልጅ መሆኗን ደግሞ እስክትሞት ድረስ አልረሳችላትም። ጨው ቢበዛም፣ ዶሮ ቢጠፋም «ምን ታድርግ፣ የበቅሎ ነጂ ልጅ!» ትላለች፤ ያውም ምራቷ እየሰማች።

ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። ኤቴልቪና ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሆናት፣ ሚራንዴላ ከተማ ውስጥ መነኮሳት ከሚያስተዳድሩት የሕፃናት ማሳደጊያ ኢዳሊና የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ለክረምቱ ወስዳ አመጣች። ልጅቷ ክረምቱን ጥንቸሎቹን ስትመግብ፣ አዴሪቶን ማሳ ለማሳ እየተከተለች ስትለፈልፍበት ከረመች። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ኤቴልቪና እራት ላይ «ልጅቷ ትቅርልን» አለች።

«ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ደም እዚህ ቤት አይገባም» አለች ፔርፔቱዋ።

ኤቴልቪና ባሏን አየችው። እሱ ሳህኑን እያየ «እናቴ ያለችው ነው» አለ።

ልጅቷን በአውቶቡስ ይዛ የመለሰቻት ራሷ ኤቴልቪና ናት። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ የኢዳሊና ስም አልተነሳም። ኢዳሊና አድጋ፣ ሚራንዴላ ውስጥ የአውቶቡስ ሹፌር ሆና፣ በየገናው ካርድ ትልክ ነበር። ኤቴልቪና ካርዱን የወጥ ቤት ጨርቆች ካሉበት መሳቢያ ታስገባዋለች፣ አዴሪቶም እንዳላየ ያልፋል።

በቤተ መዛግብቱ የተቀበለቻቸው ኖኤሚያ የምትባል፣ ጉንፋን የያዛት ወጣት ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋን ትወደዋለች፤ አንድ ጥራዝ ስታመጣ ሌላ ሁለት ታስከትላለች። ከፔርፔቱዋ የልደት መዝገብ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ አያቷ ቬናንሲዮ ያለ ችግር ወጡ። አዴሪቶ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «ነግሬያችሁ ነበር» ይል ጀመር። የቬናንሲዮ የጋብቻ መዝገብ ሲወጣ ኖኤሚያ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አቆመች።

«ምን ይላል?» አለች ኤቴልቪና።

«ወላጆቹ የማይታወቁ ይላል፣ እማማ።»

«ቄሱ ለመጻፍ ሰንፎ ይሆናል» አለ አዴሪቶ።

«ሊሆን ይችላል፣ አባባ። ግን በዚያ ዘመን እንዲህ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መዝገብ አለው» ብላ ተነሳች። ይዛው የመጣችው የማዘጋጃ ቤቱን የተጣሉ ሕፃናት መዝገብ ነበር። ቬናንሲዮ እዚያ ነበረ። በ1859 በመጋቢት ወር፣ ገና እትብቱ ሳይደርቅ፣ በቀይ ፎጣ ተጠቅልሎ የተጣሉ ሕፃናት በሚቀበሉበት የማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ላይ ተገኘ። በማግሥቱ የኦውቴይሮው ጃሲንቶ ሚስት ኩስቶዲያ በክፍያ እንድታጠባው ተሰጣት። የራሷ ልጅ በዚያው ሳምንት ሞቶባት ነበር።

አዴሪቶ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶም አላደረገውም።

«ከዚህስ በኋላ?» አለች ኤቴልቪና።

ኖኤሚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ገጾቹን ገለበጠች። የማዘጋጃ ቤቱ ክፍያ ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ይቆም ነበር፤ ያን ጊዜ ልጁ ለጠየቀ ሰው አገልጋይ ሆኖ ይሰጣል። ቬናንሲዮ ሰባት ዓመት በሞላው ጊዜ በማዘጋጃ ቤቱ ጉባኤ መዝገብ ላይ ጸሐፊው እንዲህ ጽፎ ነበር፦ «የኦውቴይሮው ጃሲንቶና ሚስቱ ልጁን መሐላቸው አቁመው ቀረቡ። ያለ ክፍያ እናሳድገዋለን፣ ለሌላ ሰው አይሰጥብን አሉ። ስማቸውንም እንዲይዝ ለመኑ። ጉባኤው ልጁን ፈቀደላቸው፣ ስሙን ግን ከለከለ።»

«ሰባት ዓመቱ» አለች ኤቴልቪና። ለማንም አልነበረም የተናገረችው። አዴሪቶ ግን አንገቱን ወደ እሷ አዞረና መልሶ ወደ መስኮቱ አየ።

የመጨረሻው ሰነድ የጃሲንቶና የኩስቶዲያ ኑዛዜ ነበር። ቤቱን፣ የወይራ ማሳውንና ጉድጓዱን «ልጃችን ለሆነው ለቬናንሲዮ» አውርሰዋል። መጻፍ ስለማይችሉ ሁለቱም የመስቀል ምልክት አድርገዋል፤ የኩስቶዲያው ቀለም በዝቶበት ፈስሷል።

«ተገላገላችሁ!» አለች ኖኤሚያ ደስ ብሏት። «ከኑዛዜ የበለጠ ማስረጃ የለም። መሬቱ ያለ ክርክር የእናንተ ነው።» ከዚያ የሽማግሌውን ፊት አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኮፒውን ላዘጋጅላችሁ።»

መኪናቸው ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ አዴሪቶ ቁልፉን ይዞ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ።

«እናቴ ታውቅ ነበር?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

«አያቷ እኮ ነው። ጭኑ ላይ ነው ያደገችው።» ቁልፉን አገላበጠው። «ታውቅ ከነበረ…» ብሎ ተወው።

ኤቴልቪና ለዓመታት፣ ሳህን ስታጥብ፣ አትክልት ስታጠጣ፣ አማቷን አፏን የምታስይዝበትን ቃል ስታዘጋጅ ኖራለች። አሁን ቃሉ ማኅተም ተመትቶበት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ፔርፔቱዋ ግን መቃብሯ ውስጥ ነች። የቀረላት አጠገቧ ተቀምጦ ቁልፍ የሚያገላብጥ ሽማግሌ ብቻ ነው። ደስ ይለኛል ብላ ያሰበችው ነገር ደስ አላላትም።

«ልጅቷን የመለስኩ ዕለት ጠዋት ፀጉሯን አጥቤ ጎነጎንኩላት» አለች። «ጋሼ የታለ? አለችኝ። ደህና ሁኚ እንኳን ሳትላት ማሳ ወረድክ።»

«የወይራው ሥራ ነበረብኝ።»

«በነሐሴ የወይራ ሥራ የለም፣ አዴሪቶ።»

አዴሪቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩን አስነስቶ ወደ ቤት ነዳ።

መሬቱ በመስከረም በስማቸው ተመዘገበ። አዴሪቶ ለጎረቤትም ለዘመድም ምንም አላወራም፣ ከመጠጥ ቤትም እየቀረ መጣ። ብቻውን ሲቀር አንዳንዴ የጉባኤውን ኮፒ አውጥቶ ያነበዋል። ኅዳር ገብቶ የወይራ መረቦቹን ጓሮ ላይ ዘርግቶ ሲጠግን ቀና ሳይል «ያቺን ልጅ ጥሪያት» አላት።

«የቷን?» አለች፤ ማንን እንደሆነ እያወቀች።

መርፌውን አንዴ አሳለፈ፣ ሁለተኛም አሳለፈ። «ኢዳሊናን።»

«ለምን ፈለጋችሁኝ ብትለኝ ምን ልበላት?»

«ወይራው ደርሷል በያት።»

ኢዳሊና ቅዳሜ ጠዋት የሹፌር ጃኬቷን እንደለበሰች መጣች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ሆናለች። ኤቴልቪናን አገላብጣ ሳመች። አዴሪቶን ጨበጠችው። ሦስቱም መረቡን ከዛፉ ሥር ዘርግተው ቅርንጫፉን በዘንግ ይመቱ ጀመር። ኢዳሊና በጉልበቷ ስለምትመታ አዴሪቶ አላስቻለውም።

«ቀስ በይ እንጂ! ዛፍ ነው፣ ሌባ አይደለም!»

«አውቶቡስ የለመደ እጅ ነው፣ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችው እየሳቀች።

ምሳቸውን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዳቦና ቋሊማ በወይን ጠጅ ሲበሉ፣ ኤቴልቪና ባሏን በክርኗ ጎሰም አደረገችው። አዴሪቶ ስለ ቬናንሲዮ ነገራት፤ ስለ ቀይ ፎጣው፣ ስለ ጉባኤው፣ ስለ ኑዛዜው። ሲናገር የሚያየው ዳቦውን ነበር። «እና ያን ጊዜ… እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «እናቴ ተናገረች እንጂ፣ ቃሉ የኔ ነበር።»

ኢዳሊና የጎረሰችውን አላምጣ እስክትውጥ ጠበቁ።

«እስከ ገና ድረስ በየእሑዱ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ መስኮት ላይ እቀመጥ ነበር» አለች። «እትዬ አትመጣም ብሎ የነገረኝ ማንም አልነበረም።»

ኤቴልቪና አለቀሰች። አዴሪቶ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ዘመድ ፍለጋ አልመጣሁም፣ ጋሼ። ባል አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። እትዬ ስለጠሩኝ ነው የመጣሁት።» የዳቦ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ አራግፋ ተነሳች። «ኑ እንጂ፣ ሳይመሽ ያችኛዋን ዛፍ እንጨርሳት።»

ሲመሽ ስድስት ጆንያ ሞልተው ነበር። ኢዳሊና ሌላ ቀጠሮ ሳትሰጥ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ማንም ሳይጠራት መጣች፤ ያን ዕለት አዴሪቶ ዘንጉን እንዴት እንደሚይዙት አሳያት፣ እሷም የበላይ አለቃዋን እያስመሰለች አሳቀችው። በሦስተኛው ቅዳሜ ቀረች። ኤቴልቪና እስከ ረፋድ ታግሳ ስልክ ደወለች።

«ምን አለች?» አለ አዴሪቶ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ።

«ከእንግዲህ እስከ ገና ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛ ናት። የምታርፈው እሑድ ነው።»

በኦውቴይሮ ቤት እሑድ ቀን ወይራ ተለቅሞ አያውቅም። ፔርፔቱዋ በሕይወት ሳለች እሑድ መርፌ እንኳን አይነሳም ነበር፤ አዴሪቶም ከእሷ በኋላ ልማዱን አላፈረሰም። ወደ ማሳው አየ፤ ከዚያ መረቡን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

«እሑድ እናድርገዋ» አለ። «ደውይና ንገሪያት። ልጆቹንም ታምጣቸው።»