ስንብት እምቢ ያሉት ጊታር መቺ

ሰላማዊት ካሜራዋን ተሸክማ ሰቆጣ ስትገባ ጋሽ ደግሰው በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቋት። ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሰዋል፤ ነጭ ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል።

«የፊልሙ ስም ማነው ነበር ያልሽኝ በስልክ?» አሉ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«ለጊዜው ‹ስንብት› ብለነዋል፣ ጋሼ።»

«ለቀብሬ ከሆነ ቀድመሽ መጥተሻል። በይ ግቢ፣ ምሳ ደርሷል።»

ጋሽ ደግሰው የሰቆጣ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ደሴ ሄደው በሆቴል ባንድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ይመቱ ነበር። ሌሎቹ የፍቅር ዘፈን ሲያለሰልሱ እሳቸው የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ አምፑን፣ እስከ ጥግ ከፍተው፣ በአማርኛና በእናታቸው ቋንቋ በኽምጣና የጻፉትን ግጥም ይጮኹበታል። የሆቴል ባለቤቶች «ይሄ ሮክ የምትለው ነገር እንግዳ ያባርራል» እያሉ ደጋግመው አስወጥተዋቸዋል። የኽምጣናውን ግጥም እንዲተዉ የመከሯቸውም ብዙ ናቸው። «ማን ይሰማሃል?» ሲሏቸው «እናቴ» ይሉ ነበር። እናታቸው ካረፉ በኋላም መልሱን አልቀየሩም።

ወደ ሰቆጣ የተመለሱት እኒያን እናታቸውን ለመጦር ነው፤ በዚያው ቀሩ። ድርቁም ጦርነቱም መጥቶ ሲሄድ ከነጊታራቸው ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። መብራት በጠፋባቸው ወራት እንኳ ከጎረቤት የማይሰማውን ባዶ ክር ሲመቱ ይውሉ እንደነበር ባለቤታቸው እትዬ ዓይናዲስ ይናገራሉ።

አምና ግን አንድ ማለዳ ከአልጋቸው ሲነሡ ግራ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አላቸው። ውሎ አድሮ እግራቸው ጸና፣ አንደበታቸውም ተፈታ፤ የግራ እጃቸው ጣቶች ግን እንደተጨበጡ ቀሩ። በዚያ እጅ ክር መጫን አይታሰብም። ሰላማዊትን ከአዲስ አበባ የላካት የፊልም ድርጅት ይህን ሰምቷል። የፈለገውም እጁን ያጣ ጊታር መቺ ነው።

ሰላማዊት እንደ ቤት ልጅ ሆነች። ጋሽ ደግሰው ሲላጩ፣ ከእትዬ ዓይናዲስ ጋር ሲጨቃጨቁ፣ ግጥም እያነበነቡ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደዱ ትቀርጻለች። አንድ ማለዳ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ጋሽ ደግሰው ጊታሩን ታቅፈው፣ የግራ ጣቶቻቸውን በቀኝ እጃቸው እየፈለቀቁ ክሩ ላይ ለማስቀመጥ ይታገላሉ። ጣቶቹ ተመልሰው ይጨበጣሉ። ቢያቅታቸው ግንባራቸውን ጊታሩ ላይ ደፍተው አለቀሱ። ሰላማዊት ካሜራዋን አላወረደችም።

ሕሊናዋ ግን አላስቻላትም፤ በዚያው ቀን አሳየቻቸው። ጋሽ ደግሰው እስከ መጨረሻው አዩት፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«ማን ግቢ አለሽ?»

«ማንም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። አጥፊው ካሉኝ አጠፋዋለሁ።»

«ታጥፋው!» አሉ እትዬ ዓይናዲስ ከጓዳ ብቅ ብለው። «ይሄን እኮ ጠላትህም ያየዋል!»

«ይየው። አልቅሻለሁ፤ ያላደረግኩትን አልቀረጸችም።» ከዚያ ወደ ሰላማዊት ዞሩ። «አንቺ ግን ስሚኝ። ስወድቅ ቀርጸሽ ስነሣ የማትቀርጪ ከሆነ ዋሽተሻል። ካሜራሽን አንሺና ተከተይኝ።»

ቀጥ ብለው የሄዱት ወደ ጋሽ ሰላሕ ሱቅ ነው። ጋሽ ሰላሕ ደሴ አብረዋቸው ድራም ይመቱ የነበሩ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው፤ አሁን ገበያው አጠገብ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃ ይሸጣሉ።

«ሰላሕ፣ ይቺ እጅ መጨበጥ ብቻ ነው የቀራት። በል የምትጨብጠው ነገር ስጣት።»

ጋሽ ሰላሕ እጁን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ከብረት ቧንቧ ላይ አንድ ቁራጭ ቆረጡ፤ ጠርዙን በሞረድ አለሰለሱና በተጨበጠው መዳፍ ውስጥ አስገቡት። ጋሽ ደግሰው ጊታሩን ጭናቸው ላይ አጋድመው ብረቱን ክሮቹ ላይ አንሸራተቱት።

ጋሽ ሰላሕ ጆሯቸውን ያዙ። «ኧረ በአላህ! ይሄማ ዘይት ያጣ በር ነው!»

«በር ከሆነማ ይከፈታል» አሉ ጋሽ ደግሰው፤ ደግመው አንሸራተቱት።

ሰላማዊት የመመለሻዋን ቀን አራዘመች። ጋሽ ደግሰው ክሮቹን አላልተው በሌላ ቅኝት ቃኟቸው፤ አልሆነም። እንደገና ቃኟቸው። ብረቱ ከእጃቸው እየሾለከ ሲወድቅ ይራገማሉ፤ ያነሡታል። እያደር ሲጢጥ ማለቱ ቀረና ጊታሩ የሰው ጉሮሮ ያለው መሰለ።

በዚህ መሐል እንዳለው የተባለው የድርጅቱ ኃላፊ ከአዲስ አበባ ደወለ።

«የላክሽልኝን ልቅሶ አየሁት፣ ግሩም ነው! ፊልሙ እዚያ ላይ ያበቃል። ተመለሺ።»

«ገና አላለቀም።»

«ምን ቀረ?»

«ሰውየው» አለች ሰላማዊት።

በገበያ ቀን ጋሽ ሰላሕ አምፑን ሱቃቸው ደጅ ላይ አወጡ። ለድራም የሚሆን ባይኖር ባዶ በርሜል ደፍተው ዱላ ጨበጡ። ገበያው ከአጎራባቾቹ ወረዳዎች፣ ከፃግብጂና ከዝቋላ፣ በመጣ ሰው ሞልቷል። ጋሽ ደግሰው ጃኬታቸውን ለብሰው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ብረቱን ክሩ ላይ ለቀቁት።

የመጀመሪያው ድምፅ ሲያስተጋባ የዝቋላ ፍየሎች በርግገው ተበተኑ። ሰዉ ተንጫጫ። የገበያው ጥበቃ እየሮጠ መጣ።

«አባቴ፣ ያቁሙ! ገበያውን በተኑት እኮ!»

«ፍየሎቹ ይመለሳሉ፤ እኔ ግን አላቆምም» አሉ ጋሽ ደግሰው።

ጥበቃው የአምፑን ገመድ ሊነቅል ጎንበስ ሲል አንዲት አሮጊት ያመለጠች ፍየላቸውን በቀንዷ እየጎተቱ ተመለሱ፤ ላብ አጥምቋቸዋል። «ተወው!» ብለው በኽምጣና ጮኹበት። ወደ ጋሽ ደግሰውም ዞረው «አንተ ሰውዬ! ፍየሌን ካስበረገግክ በኋላማ ጨርሰው!» አሉ።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ጥበቃው ገመዱን ለቀቀ። ጋሽ ሰላሕ በርሜሉን መደለቅ ጀመሩ፤ ጋሽ ደግሰውም አንገታቸውን ቀና አድርገው ግጥማቸውን ጮኹበት፦

ደመናው አልፎናል፣ ዝናብም የለበት፤
ነጎድጓዱን ስጡኝ፣ እኔው ልጩኽበት።

ቀጥለው በኽምጣና ደገሙት። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ከገጠር የመጡት ሰዎች ቋንቋቸውን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ሲሰሙ እየተጠጉ መጡ፤ ወዲያው እየተቀበሏቸው ያዜሙ ጀመር። ሰላማዊት እንባዋን በክርኗ እየጠረገች ቀረጸች።

ኃላፊው ይህን ሁሉ አይቶም በልቅሶው ካላበቃ ፊልሙን አልቀበልም አለ። «እንግዲያው አትቀበል» አለችው ሰላማዊት። ‹ስንብት› የሚለውን ስም ሰርዛ ፊልሙን ‹እኔው ልጩኽበት› ብላ ሰየመችው። ድርጅቱ ፊልሙን ሊያሳይበት ያሰበው ትልቅ የአዲስ አበባ መድረክ ቀረ፤ ፊልሙ መጀመሪያ የታየው ሰቆጣ ነው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ በተሸፈኑ አዳራሽ ውስጥ።

ልቅሶው ላይ ሲደርስ አንዲት ሴት መንሰቅሰቅ ጀመሩ። ጋሽ ደግሰው ከፊት ወንበር ተነሥተው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ምን ያስለቅሳችኋል? ቆዩ እንጂ፣ ገና ነው!»

በሳምንቱ ከጋዝጊብላ ለሠርግ ጠሯቸው። ጋሽ ሰላሕ በርሜሉን መኪና ላይ ሲጭኑ እትዬ ዓይናዲስ በራፉ ላይ ቆመው ተቆጡ።

«እጅህ እንኳ ሳይድን የት ነው የምትሄደው?»

«እስኪድንልኝ ልቀመጥ እንዴ?» አሉ ጋሽ ደግሰው፤ ጊታራቸውን በቀኝ እጃቸው አንሥተው መኪናው ላይ ወጡ።