ያልተዘረፈው ቤት

በዋይማሬ ሐይቅ ዳር የተከበረ ሰው በምን ይታወቃል ቢሉ በመዘረፉ ነው። እንዲህ ስል የሚስቅ ይኖራል፤ ይሳቅ። የሪፔካ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ በጋ እሳት አመለጠውና በጎሳው መቃብር ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦ አነደደው። ወሬው በተሰማ ማግስት የሚስቱ ዘመዶች በታንኳ ታጭቀው መጡ። ጮኹ፣ ዘለሉ፣ ዱላ አወዛወዙ፤ ከዚያ አሳማውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የጎተራውን ስኳር ድንች፣ እሳት ላይ የተጣደውን ድስት ሳይቀር ጭነው ሄዱ። ይህ ሙሩ ይባላል። ያጠፋ ሰው በገዛ ዘመዱ ይዘረፋል፤ ይዘረፍና ነገሩ ያልቃል፤ ቂም የለ፣ እርቅ የለ። ሰውዬው ባዶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሲያያቸው ፊቱ ይበራ ነበር። እስኪሞት ድረስም «ስንት ታንኳ ሙሉ ሰው እንደመጣብኝ ታውቃላችሁ?» እያለ ሲጎርር ኖረ። ምን ያድርግ? ከቁም ነገር ያልቆጠሩትን ሰው ማን ደክሞ ይዘርፋል? ውሻ ድስት ቢደፋ ይባረራል እንጂ አይከሰስም።

ሪፔካ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ከዚሁ ልማድ ውስጥ ሳታየው የኖረችው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ያየችው ፀጉሯ ሸብቶ፣ ከሰው ፊት፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው።

ፍርድ ቤቱን ያመጣው ፔንደር ነው። ፔንደር ከሐይቁ በላይ ባለው ኮረብታ በግ የሚያረባ ፈረንጅ ነበር፤ በጉ በዛ፣ ኮረብታው ጠበበ፣ ዓይኑ ወደ ሐይቁ ወረደ። ጦርነቱ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከፈረንጆቹ ንግሥት ጦር ጋር የተዋጉት ነገዶች መሬታቸው በወታደር ተነጠቀ። ያልተዋጉት፣ እንደ ዋይማሬ ሰዎች ያሉት፣ «እኛስ ሰላማዊ ነን፣ ማን ይነካናል» ብለው ተቀመጡ። ለእነሱ ደግሞ የመሬት ፍርድ ቤት መጣላቸው። ጠመንጃ የለው፣ ደም የለው፤ አንድ ሰው ብቻ «ይህ መሬት የኔ ነውና ወረቀት ይሰጠኝ» ብሎ ካመለከተ መንደሩ በሙሉ ነቅሎ ከተማ መውረድና መሟገት አለበት። ያልመጣ ተረታ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው፣ እግዜር ያሳያችሁ!

ያ አንድ ሰው ፓራቴኔ ሆነ።

ፓራቴኔ የሪፔካ ወንድም ነው፤ በሥጋ አይደለም፣ በአፍ ነው፣ በእድሜ ልክ ነው። ቤቱ ከሐይቁ አፍ ላይ፣ ውሃው ወደ ባሕር ከሚወጣበት፣ ከትልቁ የዓሣ አጥር አጠገብ ነበር። ከክረምቱ ብርድ በፊት በሚጥለው ዝናብ እባብ የመሰለው ረጅሙ ዓሣ ወደ ባሕር ሲወርድ በዚያ አጥር ገብቶ ይያዛል፤ መንደሩ ክረምቱን የሚከርመው በእሱ ነው። አጥሩን የሠራው የፓራቴኔ አያት ኮፑ ነው። ጎርፍ አሮጌውን አጥር ጠራርጎ በወሰደበት ዓመት፣ ኮፑ ከበረዶ በማይሻል ውሃ ውስጥ እየጠለቀ ግንዶቹን አንድ በአንድ ተከላቸው።

ኮፑ ታዲያ ምርኮኛ ነበር። የሪፔካ አያት ቴ ንጋሬ ከሩቅ አገር ዘመቻ ሲመለስ በገመድ አስሮ ያመጣው ጎረምሳ ነው። አጥሩ በቆመ ቀን ቴ ንጋሬ ሕዝቡን ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ኮፑን ምርኮኛ ያለ፣ እኔን እንዳለ ይቆጠር» አለ። ከጎረቤት ነገድ ሚስት አመጣለት፤ ቤት ሠራለት። «ምርኮኛ» የሚለው ቃልም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመንደሩ አፍ ጠፋ። ሪፔካ ራሷ የሰማችው አባቷ ሊሞት ሲል፣ በጆሮዋ ነው። ፓራቴኔ እንደማያውቅ ደግሞ እርግጠኛ ነበረች።

ወደ ፔንደር ልመለስ። ይህ ሰው ለፓራቴኔ ጣውላና ቆርቆሮ ሰጠው። ፓራቴኔ ሰው ሲሰጥህ አብልጠህ ትመልሳለህ ተብሎ ያደገ ነው፤ በየዓመቱ ምርጥ ምርጡን የደረቀ ዓሣ በቅርጫት እየሞላ ወደ ኮረብታው ላከ። ተመጣጠንን፣ ወዳጅ ሆንን አለ። ፔንደር ዓሣውን ለውሾቹ እየጣለ ቆርቆሮውን የመሬት ቀብድ ብሎ ይዞት ኖሯል። ኋላ አንድ ቀን «ቤትህ ያለበትን ቦታ ማንም እንዳይነካብህ ወረቀት እናውጣለት» አለውና አስፈረመው። ወረቀቱ ግን የቤቱን ቦታ ሳይሆን ሐይቁን በሙሉ ይጠይቅ ነበር። ፓራቴኔ ይህን የሰማው መሬት ቀያሹ የመለኪያ ሰንሰለቱን እየጎተተ በሪፔካ ደጃፍ ሲያልፍ ነው። ሮጦ ሄዶ «ተወው፣ ይቅርብኝ» ቢለው ፔንደር ሳቀ። ወረቀቱ አንዴ ገብቷል፤ አንተ ብትቀርም ጠበቃው ይሟገትልሃል አለው።

መንደሩ ከተማ ወርዶ ከወንዙ ዳር ድንኳን ተከለ። ብርዱ፣ ጭቃው፣ የሱቁ ደረቅ ብስኩት፤ ዛሬ ነገ እየተባለ ቀጠሮው ተጎተተ። ሁለት ሕፃናት በሳል ሞተው ከሰው አገር አፈር ተቀበሩ። ፓራቴኔ ከወገኑ ጋር ለማደር አፍሮ በፔንደር የፈረስ ጋጣ ያድር ነበር።

ለወገኗ የምትመሰክረው ሪፔካ ናት፤ የዘር ቆጠራውን ሳትሳሳት የምታውቅ እሷ ናትና። ምስክርነቷ ከመድረሱ በፊት አጎቷ ሆሮሞና፣ የቴ ንጋሬ የመጨረሻ ልጅ፣ ከዘራውን ተመርኩዞ ድንኳኗ ድረስ መጣ።

«የእነሱ ጠበቃ አጥሩን የሠራ ኮፑ ነው፣ ስለዚህ ቦታው የኮፑ ዘር ነው እያለ ነው» አላት። «ዳኛው ደግሞ ምርኮኛ መሬት የለውም ብሎ ያምናል። ገባሽ? አንዲት ቃል ናት።»

«አባትህ የከለከላትን ቃል?»

«አባቴማ ይህን ጉድ አላየ! ሐይቁ ሊሄድ ነው እኮ ልጄ!»

«ፓራቴኔ እዚያው ተቀምጦ እያየኝ?»

«እሱ ሲፈርም አንቺን አይቶሻል?»

«ተታሎ ነው አጎቴ።»

«አውቃለሁ ተታሎ እንደሆነ! ሞኝ!» አለ ሽማግሌው። «ሞኝነቱን በልጅነቱ ነው የማውቀው። ግን ምን እንብላ? ንገሪኛ፣ በሚቀጥለው ክረምት ልጆቹ ምን ይብሉ?»

ሪፔካ በሽማግሌው አልፈረደችበትም። እውነቱን ነውና።

ፍርድ ቤቱ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ሪፔካ ቆመች፤ ዘሯን ቆጠረች፣ ጫካውን በየዛፉ ጠራች፣ የማን እሳት የት እንደነደደ ተናገረች። ከሁሉም በኋላ ዳኛው በአስተርጓሚው በኩል ጠየቃት።

«ኮፑ የተባለው ሰው ዋይማሬ እንዴት መጣ?»

ሆሮሞና ከዘራውን ጨበጠ። ፓራቴኔ ከፔንደርና ከጠበቃው መሃል፣ የሰው ኮት ለብሶ፣ እግሩን ያያል።

«በእግሩ መጣ» አለች ሪፔካ።

ፈረንጆቹ ሳቁ። ዳኛው አልሳቀም።

«በምን መብት ገባ ማለቴ ነው። የሚቃወም ነገር ካለሽ አሁን ተናገሪ፤ ከሌለሽ አጥሩ የእሱ ነበር ብዬ እይዛለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሪፔካ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀና ስትል የፓራቴኔን አንገት አየች። ልጅ ሆነው ከጀርባው ታዝላ ወንዝ ስትሻገር የምታውቀው ያው አንገት ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚህ አንገት ላይ እንዴት ይህን ታወርድበት?

«አያቴ ይወደው ነበር» አለችና ተቀመጠች። ሐይቁን በገዛ እጇ እንደሰጠች ገብቷታል። ከወገኗ አንድም ሰው ዞሮ አላያትም።

ቀጥሎ ፓራቴኔ ተጠራ፤ መጽሐፉን ይዞ ማለ። ጠበቃው ፈገግ ብሎ «አያትህ ኮፑ አጥሩን የሠራ፣ የቦታውም ባለቤት ነበር፤ አይደለም?» አለው።

«ሠራውስ ሠርቶታል።»

«ባለቤትም ነበር።»

ፓራቴኔ ኮቱን አወለቀና አጥፎ ከጎኑ አስቀመጠው።

«ባለቤት አልነበረም። ኮፑ ምርኮኛ ነው። እጁን ታስሮ ነው የመጣው። እንኳን ሐይቁ፣ የቆመባት መሬት የእሱ አልነበረችም። ሁሉም የእነሱ ነው» ብሎ በአገጩ ወደ ሪፔካ ወገን አመለከተ።

ፔንደር ከመቀመጫው ብድግ አለ። ዳኛው ብዕሩን አነሳ። «ይህን ማን ነገረህ?»

«ማንም። ማንም ትንፍሽ አላለም። ልጅ ሳለሁ አባቴ ትልቁን ታንኳ፣ የእነሱን የአባቶቻቸውን ታንኳ፣ ሳያስፈቅድ ወስዶ ድንጋይ ላይ ሰበረው። ከዚህ የበለጠ ጥፋት የለም። ቤት ቁጭ ብለን ጠበቅናቸው። እናቴ የሚወሰደውን ብርድ ልብስ ሁሉ አጥባ አጥፋ ደጅ አወጣችው፤ እንዳናፍር። ጠበቅን ጠበቅን። የመጣ የለም። ‹አይዞህ፣ ታንኳ ይሰበራል› ብለው ላኩበት። አባቴ ዕቃውን መልሶ ሲያስገባ አለቀሰ። ያን ጊዜ ማን እንደሆንን ገባኝ።»

አስተርጓሚው እንኳ ይህን ሲያስተረጉም ድምፁ ሰለለ። ዳኛው ግን አልገባውም፤ ያልተዘረፈ ሰው ለምን እንደሚያዝን ማን ያስረዳው? ሪፔካ ግን አስታወሰች። «ተዉት፣ ያሳዝናል» ያለው የራሷ አባት ነበር። እሷም ያን ጊዜ በአባቷ ደግነት ኮርታለች። ይህን ሁሉ ዘመን ደብቀንለታል ሲሉ፣ ያዘኑለት ማዘን ነው የነገረው! ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች።

ተፈረደ። መሬቱ የቴ ንጋሬ ወገን ነው ተባለ፤ ፓራቴኔ ድርሻ የለውም። ሪፔካ ተነስታ ስሙ ከእኛ ጋር ይግባ ብትል፣ «በገዛ አፉ መስክሯል» ተባለች። ደስታቸውም ከበሩ አላለፈም። ለቅየሳው የከፈለ ፔንደር ነው፤ ወጪው ከመሬቱ ይመለስለት ተብሎ ከሐይቁ አፍ ላይ ያለው ቁራጭ ተቆረጠለት። አጥሩ እዚያ ነው። የፓራቴኔ ቤትም እዚያ ነው። ረቱና አጡ። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባላል፤ እስቲ እናያለን።

አገር ገቡ። ፓራቴኔ በሩን ዘግቶ ከቤቱ አልወጣ አለ። ሌሎቹ በጎሳው አዳራሽ ተሰብስበው ስለ አጥሩ ሲያለቅሱ ሪፔካ ከሆሮሞና ፊት ሄዳ ቆመች።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኮፑ የማን ሰው ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው? የእኛ ነዋ። አባቴ ብሏል።»

«የእኛን ሰው በአደባባይ፣ በፈረንጅ ፊት፣ ምርኮኛ ብሎ የሰደበው ማነው?»

«ፓራቴኔ ነዋ፣ ሌላ ማን...» ሽማግሌው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ኮፑን የሰደበ ቴ ንጋሬን ሰደበ አልተባለም? ታዲያ ዝም ልንል ነው? ዛሬም ‹አይዞህ› ብለን ልንልክበት ነው?»

ሆሮሞና ከዘራውን መሬት ላይ መታ። እንዲህ ሲስቅ ካዩት ቆይተዋል። «ምን ትጠብቃላችሁ እናንተ!» ብሎ ጮኸ። «ታንኳ አውርዱ! ያለውን ታንኳ ሁሉ!»

ፀሐይ ሞቅ ሲል ሐይቁ በታንኳ ተሸፈነ። ፓራቴኔ ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ሲከፍት፣ ወንዱም ሴቱም ዱላውን እያወዛወዘ፣ ምላሱን እያወጣ፣ ዓይኑን እያጉረጠረጠ ግቢውን ሞልቶታል። ሆሮሞና ከፊት ሆኖ፣ በዚያ እርጅናው፣ ይዘላል።

«አንተ ባለጌ!» አለው። «የእኛን ኮፑን ነው የምትሰድበው? የአባቴን ሰው?»

ፓራቴኔ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ።

ከዚያ ገቡበት። አሳማዎቹ ወጡ፤ ዶሮዎቹ እየጮኹ ወጡ፤ ብርድ ልብሱ፣ መጥረቢያው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው ወጣ። ወጣቶቹ ጣሪያ ላይ ወጥተው ቆርቆሮውን ነቀሉት። ጣውላው፣ መዝጊያው፣ ምስማሩ ሳይቀር ታንኳ ላይ ተጫነ፤ ሁሉም ወደ ማዶ፣ ወደ ሪፔካ ደጃፍ ነው የሚሄደው። ሪፔካ ራሷ በሁለት እጇ ድስት ይዛ «አንተ አሳፋሪ! አንተ አፈ ልቅ!» እያለች በአጠገቡ ስታልፍ ታለቅስ ነበር።

ፔንደር ከኮረብታው አይቶ ከአንድ ፖሊስ ጋር እየጋለበ መጣ። ፖሊሱ የአገሩን ቋንቋ ትንሽ ትንሽ ይችላል።

«እየዘረፉህ ነው» አለው። «ትከሳቸዋለህ?»

ፓራቴኔ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ነበር። «ኧረ ምን በወጣቸው! ዘመዶቼ ናቸው!» አለና ወደ ውስጥ ሮጠ። ሲመለስ ኮፑ የአጥሩን ግንዶች የተከለበትን የእንጨት መዶሻ አቅፎ ነበር። ሄዶ ሪፔካ እጅ ላይ አስቀመጠው።

«ይህን ረስታችሁታል» አላት። «ውሰዱት እትዬ፤ ምንም አታስቀሩልኝ። አባቴ እኮ ይህን ቀን ሲጠብቅ ሞተ።» እጇን ሳይለቅ እንደ ሕፃን አነባ። «ምነው እንዲህ ቆያችሁ?»