ስልኩ ያልጮኸበት ሰኞ

በቧንቧ ፋብሪካው ቢሮ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ወጣት ሁሉም «ዶክተር» ይሉታል። ቅዳሜንና እሁድን የሠራተኞቹን አካውንቶች ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ሲያዛውር ነው የዋለው። ሰኞ ጠዋት ሻዩን ይዞ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ሥራ በተሠራ ማግስት ስልኩ እንደሚያብድ ያውቃል፤ አንዱ «የይለፍ ቃሌ እምቢ አለኝ» ይላል፣ ሌላዋ «ኢሜይሌን የት አደረስከው?» ትላለች።

ስልኩ ጭጭ አለ።

ሻዩ አለቀ፤ አሁንም ጭጭ። እጀታውን አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈ። መስመሩ ይሠራል። «እጄ ተባርኳል ማለት ነው» ብሎ ለብቻው ፈገግ አለና የራሱን ኢሜይል ከፈተ። እስካሁን የሠራው በሰርቨሩ አስተዳዳሪ አካውንት ስለነበር በራሱ ስም ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ውድ ባለቤቴ» ይላል የመጀመሪያው መልእክት።

ዶክተር ሚስት የለውም።

ዘግቶ እንደገና ገባ። ያው ነው። የዝውውሩን ሰንጠረዥ አወጣ፤ በአንድ በኩል ስሞች፣ በሌላው በኩል የኢሜይል ሳጥኖች ተደርድረዋል። ጡረታ የወጣ አንድ ጥበቃ ስሙ ተሰርዞ ሳጥኑ ሳይሰረዝ ቀርቷል። ከዚያ በታች ያለው ሰው ሁሉ አንድ ረድፍ ተንሸራቶ፣ ከእሱ በፊት ያለውን ሰው ሳጥን ወርሷል።

«እና ለምን ማንም አልደወለም?» አለ ጮክ ብሎ። ወዲያው መልሱ ገባውና ክው አለ።

ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሰኞ ሰኞ እንደ ገበያ የሚንጫጫው ኮሪደር ዛሬ ሰው ያለበት አይመስልም። ገንዘብ ያዧ አፏን በመዳፏ ይዛ ስክሪኑ ላይ ተተክላለች። የግዢ ኃላፊው ፊቱ ደም መስሏል። የሰው ኃይል ክፍል የምትሠራው፣ እዚህ ያስቀጠረችው አክስቱ እንኳ ስታየው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሳያንኳኩ ሲገቡባቸው የሚጮኹት ሥራ አስኪያጅ ቀና ብለው አላዩትም።

«ጋሼ፣ ይዝጉት! የእርስዎ አይደለም!»

«አውቃለሁ» አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ትንሽ ቆይ።»

ዶክተር እየሮጠ ተመልሶ የሰርቨሩን ገመድ ነቀለ።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይገባል። «ምን ነካህ? ለምን ቆረጥከው?» «ኧረ መሀል ላይ ነበርኩ!» ከነዚህ ሰዎች ጋር ስንት ዓመት ሻይ ጠጥቷል! እጀታውን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

ሰንጠረዡን አስተካከለ፤ ከምሳ በኋላ ሁሉም ወደየራሱ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ያባርሩኛል ብሎ ቢጠብቅም ትንፍሽ አላሉም። ከሥራ ሲወጣ ሰው ሰውን አያይም፤ ሁሌ ተያይዘው የሚሄዱት ጸሐፊዋና ሹፌሩ ዛሬ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ነጎዱ።

አክስቱ በሩ ላይ ጠበቀችው። አብረው መንገድ ጀመሩ።

«ቤቱ ፀሐይ ይገባዋል?» አለችው።

«የቱ ቤት?»

«እዚያ ልትሄድበት ያለኸው ከተማ የተከራየኸው።»

ባለበት ደርቆ ቀረ። ሌላ ከተማ ሥራ ማግኘቱን ለአንድ ጓደኛው ከመጻፍ በቀር ለእናቱ እንኳ አልተነፈሰም። በሰንጠረዡ ላይ ከስሙ ቀጥሎ ያለችው ማን እንደሆነች አሁን ገና ትዝ አለው።

«እቴቴ፣ አነበብሽው?»

«የእኔ መስሎኝ...» ብላ ጀመረችና ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ ምን ያስዋሸኛል። ያንተ መሆኑን እያወቅኩ ነው እስከ ታች የወረድኩት። ‹አክስቴ ከሰማች ሰፈሩ ሁሉ ሰማ› ማለትህንም አይቻለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ደግሞ እውነትህን ነው» አለች ክንዱን እየያዘች። «ስለዚህ ዛሬውኑ ለእናትህ ንገራት። እኔ እስከ ማታ ብችል ነው።»

ዶክተር ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው። ከዚያ ወደ እናቱ ቤት በሚወስደው መንገድ ታጠፉ።