ናሙናው ያደረበት ቤት

ሰፈሩ አባትየውን «አባ ውሃልክ» ይላቸዋል። የተንጋደደ በር ካዩ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ነቅለው የሚያስተካክሉ አናጺ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በግቢው መጋዘን ውስጥ ግላይደር ይሠራሉ፤ ሞተር የሌላት፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ አውሮፕላን። ጣውላውን መርጠው የሚልጉት እሳቸው ናቸው። ሙጫውን ከማጠንከሪያው ጋር አዋህዶ የሚያጣብቀው ታላቅየው ነው። ሁለቱም ልጆች ማብረር ቢችሉም የመጀመሪያው በረራ የእህትየው እንዲሆን ተስማምተዋል፤ ክብደቷ ቀላል ነው።

የአባትየው ሕግ አንድ ነው። ክንፍ ሲጣበቅ ከዚያው ሙጫና ከዚያው እንጨት ትንሽ ናሙና ይጣበቃል፣ ሲደርቅም በሞርሳ ተይዞ በመዶሻ ይሰበራል። እንጨቱ ራሱ ተቦጭቆ ከተሰበረ ሙጫው ይዟል። መጋጠሚያው ላይ ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ግን ክንፉ ማገዶ ነው።

ክንፉ የተጣበቀው በብርዱ ወቅት፣ የመጋዘኑ ማሞቂያ ተበላሽቶ ሳለ ነበር።

ናሙናው የሚፈተንበት ቀን አባትየው መዶሻውን አነሱ። እንጨቱ ተቦጫጭቆ ተሰበረ። ደስ አላቸውና እኔ ባልፍም ይህ ቤት አይዘጋም እያሉ ልጃቸውን መረቁት። እህትየው ስባሪውን አንስታ አየችው፤ ከዚያ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።»

«አርግዘሻል እንዴ፣ ሁሉ ነገር የሚሸትሽ?» ብሎ ሳቀ ታላቅየው።

«የት ነበር ያደረው?»

አልደበቀም፤ የሚደበቅ ነገርም አልመሰለውም። መጋዘኑ ስለበረደ ናሙናው እንዳይበላሽበት ቤቱ ወስዶ ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት ነበር። ሙጫው ያው ሙጫ፣ እንጨቱም ያው እንጨት አይደል ወይ፣ አለ።

«ክንፉንስ ማን ምድጃ ዳር ወሰደው?»

ያ ሙጫ በብርድ እንደማይጠነክር ሁለቱንም ያስተማሯቸው አባትየው ናቸው። ግን ልጃቸው አንገቱን ሲደፋ አዩና፣ ዘግይቶም ቢሆን ደርቋል፣ ነገ ክንፉ ጨርቁን ይልበስ አሉ። እሷ አንድ መጋጠሚያ ብቻ ልክፈት ብላ ለመነች። ወንድምሽን አታላይ ልታደርጊው ነው ወይ ብለው ከለከሏት።

«ከፈራሽ ተዪው፣ እኔ አበራታለሁ» አለ ታላቅየው።

አባትየው ተው አላሉትም። ከአፈርኩ አይመልሰኝ ሁለቱንም ይዟቸው ነበር።

በማግስቱ አባትየውና ታላቅየው የክንፉን ጨርቅ ተሸክመው ሲመለሱ የክንፉ ዋና ተሸካሚ እንጨት ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቃቸው። እህትየውን መዶሻ እንኳ አላስፈለጋትም፤ መሮውን አስገብታ በእጇ ብትጫነው ለቀቀ። አባትየው ጣታቸውን መጋጠሚያው ላይ አሳለፉ። አንዲት የተቦጨቀች ስንጥር አልነበረችም። ታላቅየው ጥቅልል ጨርቁ ላይ ቁጭ አለ። በዚያ ክንፍ ላይ ሊወጣ የነበረው እሱ መሆኑን ማንም አላነሳም።

«ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ አባትየው።

«ነግሬህ ነበር እኮ፣ አባባ።»

«እሱ ፊት ነው የነገርሽኝ።»

ከዚያ የመጋዘኑን ቁልፍ እንድታስቀምጥ አዘዟት። አስቀምጣ ወጣች። እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር የሚሉት እንግዲህ ይኸው ነው።

ማሞቂያው ተጠገነ። አዲስ ክንፍ ተሠራ፣ ናሙናውም ከጎኑ ሳይለይ ደረቀ። የበረራው ቀን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ታላቅየው ነበር። ሊያይ የመጣው ሰው እንኳን ደስ ያለዎት ሲላቸው፣ የልጄ ጥንቃቄ ነው ይሉ ነበር።

ግላይደር ስትነሳ ክንፏ እንዳይንጋደድ ጫፉን ይዞ የሚሮጥ ሰው ያስፈልጋል። ሰው ስለጎደለ እህትየውን ጠሯት። መጥታ ያዘች። አውራ ጣቷን በመጋጠሚያው ላይ ጫን አድርጋ ፈተሸችው፤ ይዟል። ቀና ስትል ዓይኗ ከአባቷ ዓይን ጋር ገጠመ። ቁልፉን ካስረከበች ወዲህ አላናገሯትም ነበር።

«አታንጋድጂው» አሏት።