መሀመድ ሰዒድ ዩኒቨርሲቲ የገባ ዕለት

ሳሊሐ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን በልቧ ጨርሳለች፤ አንደኛ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛ ሐዋሳ፣ ሦስተኛ ጅማ። ቅርባቸው ያለውን መቱን መጨረሻው መስመር ላይ ልትጽፈው ነው። አባቷ መሀመድ ሰዒድ ይህን ሲሰማ አልተቆጣም።

"ያላየሽውን አትናቂ" አላት። "ዩኒቨርሲቲው ለተፈታኞች በሩን የሚከፍትበት ቀን አለ አሉ። እኔም መቱ ማር የማደርሰው ሰው አለኝ። አብረን እንሂድና እዪው።"

መሀመድ ሰዒድ ከወሎ በሰፈራ ሲመጣ ገና ልጅ ነበር። ኢሉባቦር ውስጥ፣ ኖፓ አጠገብ አደገ፤ ኦሮምኛውንም ቀፎ መስቀሉንም ከጎረቤት ተማረ። ዛሬ በጫካ ማሩ የታወቀ ነው። መቱን ግን ከገበያውና ከሆስፒታሉ በቀር አያውቃትም።

በማለዳው ሚኒባስ ሄደው መቱ ሲወርዱ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ባጃጆቹ ይተራመሳሉ፤ ከአንዱ ሱቅ የኦሮምኛ ዘፈን፣ ከሌላው መንዙማ ይሰማል። ሳሊሐ ጁስ ቤት አስገባችው። አቮካዶው በብርጭቆ፣ ከነማንኪያው ሲቀርብለት ግራ ገባው።

"ይሄ ይበላል ወይስ ይጠጣል?"

"እንደ ፍጥርጥርህ አባ!" ብላ ሳቀች።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው የማሩን ጀሪካን ከፍቶ አሸተተና ዓይኑን ጨፈነ። "ኮታ፣ ኑ ጋሼ፣ ግቡ፣ ግቡ!"

ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ሲደርሱ መሀመድ ሰዒድ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ያህል ወጣት አቀርቅሮ ያነባል፣ ድምፅ ግን የለም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ሳሊሐ ፊቷ ጋለ። "አባ፣ እዚህ ጫማ አይወለቅም!"

"ሰው እንዲህ ዝም ብሎ ከተሰበሰበ ይወለቃል እንጂ" አለ በሹክሹክታ። በስንት ልመና መልሶ አጠለቀው።

ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ኢብሴ የምትባል ባለሙያ ለጎብኚዎቹ የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ታሳያለች። ጀሪካኑን ስታይ፣ "ጋሼ፣ ማር ነው? ትንሽ ይሰጡኛል?" አለች። ማሩን በሙቅ ውኃ አቅጥና፣ ማሽን ላይ አሽከርክራ፣ ከዝቃጩ ጠብታ መስታወት ላይ አደረገችና መሀመድ ሰዒድን ጠራችው። እሱም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰ። ብዙ ጊዜ ቆየ።

"ምን አየህ አባ?"

"ሱብሓነላህ" አለ። "ይሄ ሁሉ ፍጥረት ማሬ ውስጥ ነበር?"

"የአበባ ብናኝ ነው" አለች ኢብሴ። "ንቧ ከየት ከየት እንደቀሰመች ይናገራል። ይኼ የበዛው የገተማ ዛፍ ነው።"

መሀመድ ሰዒድ ቀና አለ። "የገተማ ማር ነው እያልኩ ስምል ኖሬያለሁ! የሚያምነኝ ነጋዴ ግን አላገኘሁም።"

"አሁን እኔ ምስክር ነኝ" ብላ መልሳ ተመለከተች። ቅንድቧ ተቋጠረ። "ይህችን ግን አላወቅኋትም። ጋሼ፣ በዚያ ሰሞን ሌላ ምን ያብባል?"

እሱም ይናገር ጀመር። ቡናውን፣ ቢሳናውን፣ ከዚያም ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ ንቦች በማለዳ ብቻ የሚያርፉባትን ነጭ ሐረግ። የቱ ዛፍ ከየትኛው ዝናብ በኋላ እንደሚፈነዳ፣ የትኛው አበባ ማሩን መራራ እንደሚያደርግ ነገራቸው። ኢብሴ ወንበር ሳበችለት። ሁለት ተማሪዎች መጥተው ደብተር አወጡ፤ ሌሎችም ተጨመሩ። አማርኛው ያጠረውን በኦሮምኛ ሞላው።

ሳሊሐ ግድግዳውን ተደግፋ አየችው። አሥራ ስምንት ዓመት አብራው ኖራለች፤ የሚለውን ሰው ሲጽፍለት ግን አይታ አታውቅም።

"ሐረጓን ከነአበባዋ ቢያመጡልኝ አመሳክራታለሁ" አለች ኢብሴ ስትሸኛቸው።

ከሰዓት በኋላ ማሩን አድርሰው ከተማውን ዞሩ። መሀመድ ሰዒድ ባጃጅ ነጂውን አሁንም አሁንም "እዚህ ደግሞ ምንድን ነው?" እያለ አደከመው። ፎቶ ቤት ገብተው አብረው ተነሡ።

የምርጫው ቅጽ ሲመጣ ሳሊሐ አዲስ አበባን ከአንደኛው መስመር አላነሣችም። ሁለተኛው ላይ ግን መቱ ብላ ጻፈች፤ ከትምህርት ዘርፍም ባዮሎጂን መረጠች። ለአባቷ ልታሳየው ብትፈልገው ቤት አልነበረም። ሐረጓን በእርጥብ የኮባ ቅጠል ጠቅልሎ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ መቱ ሄዷል።