የጀልባዋ ጠባብ መስኮቶች

አስማማው ጀልባዋን ያሠራት ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። ሐይቁ ባሕር ዳር፣ ጀልባዋ ማርቆስ! የሰማ ሁሉ ሳቀ። ብየዳ ቤቱ የአማቹ ስለሆነ ነው እንጂ አስማማው ሞኝ አይደለም፤ ስታልቅ በከባድ መኪና ጭኖ ሊወስዳት አስቧል። ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ፣ በአሮጌ ጎማዎች ላይ ጉብ ብላ ስትታይ አላፊ አግዳሚው «ኖኅም የጀመረው ደረቅ መሬት ላይ ነው» እያለ ይቀልድባታል። ለእሱ ግን የሚታየው ሙሽሮችና የበዓል እንግዶች ተከራይተዋት ጣና ላይ ሦስት ቀን ሲያድሩባት ነው። ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ትንሽ ማብሰያ። የውስጧን ሥራ ለአናጢው ለአለበል ሰጠው።

አለበል ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሐይቅ እንኳ ያየው አንድ ጊዜ፣ ለሠርግ ሄዶ ነው። እጁ ግን እጅ ነው። አስማማው የውጭ አገር ጀልባዎችን ፎቶ በስልኩ እያሳየ «እንዲህ አርግልኝ» ሲለው ዝም ብሎ ያያል፣ የዋንዛውን ጣውላ ይዳብሳል፣ ከዚያ ከፎቶው የተሻለ ነገር ያወጣል። ችግሩ እጁ አልነበረም። ችግሩ አንገቱ ነው፤ አንገቱ ይፈለግ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር በፊት ታናሽ ወንድሙ እንዳላማው አምበር አጠገብ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ አበባው የሚባል ጎረቤቱን ገደለ። የጀመሩት በዱላ ነው። አበባው ሲወድቅ እንዳላማው ማቆም ይችል ነበር፤ አላቆመም። የወደቀውን ሰው ራስ ራሱን ሦስት ጊዜ ደገመውና ዱላውን እዚያው ጥሎ ወደ በረሃ ወረደ። ያዩት ሰዎች የመጀመሪያውን ምት የንዴት ነው ይላሉ። የቀሩትን ሦስቱን ግን የምን እንደሚሏቸው እስከ ዛሬ አላወቁም።

ደም ከገዳዩ ብቻ የሚፈለግ ቢሆን አለበል እፎይ ብሎ ይተኛ ነበር። ሽማግሌዎች ለእርቅ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ሦስት ጊዜ የሟች እናት ደጅ ወደቁ። እማሆይ ወለተ ሰንበት ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ወጥተው የመለሱት አንድ ነገር ነው። «እንዳላማውን ምን ላርገው? ዱላ ከመያዝ በቀር ምን ያውቃል? እሱ የልጄ ምትክ አይሆንም። እኔ የምፈልገው ሞቱ ቤታቸውን የሚያንገበግበውን ነው።» ቤቱን የሚያንገበግበው ደግሞ አለበል መሆኑን አገር ያውቃል። ሁለተኛው ልጃቸው አንለይ ደሙን እስኪመልስ ጠጉሩን ላይቆረጥ ማለ።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ቤት ሰዎች ከአንድ ምንጭ አልቀዱም፤ ይጁቤ ገበያ ቢገናኙ እንኳ ባንድ ጠላ ቤት ጥላ ሥር አያርፉም። ደመኛ ከደመኛው ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ከቀመሰ አለቀ፤ በዚያ ሰው ላይ እጁን ማንሣት እንደማይችል ሕፃን ያውቀዋል። እርቅ የሚባለውም ቢሆን መጨረሻው ከአንድ ገበታ መቁረስ ነው። ስለዚህ ሁሉም አፉን ጠበቀ።

የአለበል ሚስት ሥራነሽ ብልህ ሴት ናት። አንድ ቀን ባሏ ለማብሰያው መሳቢያ ሲልግ እያየች ቆየችና፣

«እባክህ አበላሸው» አለችው።

«ምኑን?»

«ሥራውን ነዋ! ስምህ ከፍ ባለ ቁጥር እኮ ለእነሱ እየጣፈጥህ ነው። አንድ በር አጣምመህ ስቀል፣ አንዱ አልጋ ሲጢጥ ይበል። ሰው ‹አለበልም እንዲህ ሆነ› ይበል። በሞቴ።»

አለበል ለይምሰል ሳቀ። እውነቷን ነበር። እሱ ግን እንጨት አጣሞ ማቆም አይችልም፤ ቢሞክር እጁ ራሱ ያቃናዋል።

ሥራውን ባያጣምምም ፍርሃቱ ጀልባዋ ውስጥ ገባ። አልጋዎቹን ሁሉ ራስጌያቸውን ግድግዳ አስይዞ በር በሩን እንዲያዩ አደረጋቸው። የሳሎኑን በር በድርብ ዋንዛ ሠርቶ መሐሉን ስፖንጅ ሞላው፤ ለአስማማው «የሞተሩ ድምፅ እንግዳ እንዳይረብሽ» አለው። መቀርቀሪያው የአውራ ጣት ውፍረት አለው፤ ከውስጥ ከተቀረቀረ በሬም አይከፍተው። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ሰው በሩን እያየ የሚቀመጥበት ወንበር ተከለ። ከወንበሩ ኋላ የመንሳፈፊያ ጃኬት ማስቀመጫ ረጅም ሣጥን አለ፤ የሣጥኑ ጀርባ ደግሞ ሞተሩ ገና ወዳልገባበት ባዶ ክፍል የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። ይህን ለማንም አልነገረም። ለሥራነሽም።

በመስኮቶቹ ግን ከአስማማው ጋር ተጣሉ። አለበል የሠራቸው ስንዝር የማይሞሉ፣ ጣራ ሥር የተወሸቁ መስኮቶች ናቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ጮኸ አስማማው። «ሰው እኮ የሚከራየኝ ጣናን ሊያይ ነው! ይሄ ሽርሽር ነው ምሽግ?»

«ማዕበል ሲመጣ ውሃ ይገባል፣ አቶ አስማማው። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

አስማማው ስለ ማዕበል ያለው እውቀት ከአለበል ስለማይበልጥ ነገሩን ተወው። አለበል ግን ሲዋሽ ፊቱ ቀላ። የፈራው ውሃ አይደለም፤ ከውጭ የሚያነጣጥር ዓይን ነው።

አስማማው በሌላው ሁሉ እጅግ ደስ ብሎት ነበርና አንድ ሰኞ ስልኩን አውጥቶ ጀልባዋን ከውስጥ ቀረጻት። አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ እንደ መስተዋት የሚያበራውን ጠረጴዛ አሳየ። በመጨረሻም ስልኩን ወደ አለበል አዙሮ «የጎጃምን እጅ እዩ! አለበል ይባላል! እንዲህ ያለ ሰው ያላት አገር አትደኸይም!» አለ። ማታውን ለቀቀው። በሁለት ቀን ውስጥ አምበር ላይ ስልክ ያለው ሁሉ አየው። አንዳንዱ ያየው ከአንለይ ጋር ተቀምጦ ነው።

ሐሙስ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ አለበል ማጠፊያና ኮላ ገዝቶ ሲመለስ የግቢው ዘበኛ አባ ዘማርያም በሩ ላይ ቆመዋል። 

«አትግባ፣ ልጄ።»

«ምን ሆነዋል?»

«ጠመንጃ የያዘ ሰው መጣ። ጠጉሩ ያደገ። ላስቆመው ስል አፈሙዙን ደረቴ ላይ አረገብኝ። ጀልባዋ ውስጥ ነው።»

«ሥራነሽስ?»

አባ ዘማርያም ዓይናቸውን ወደ ጀልባዋ መለሱ። ምሳውን ይዛ ከመጣች ቆይታለች።

አለበል ኮላውን ጣለው። ሴት በደም አትነካም ይባላል፤ የሚባለውና የሚደረገው ግን አንድ ቢሆን አበባው ወድቆ ሳለ ባልተደገመ። እየሮጠ ሄዶ የሳሎኑን በር ገፋው፤ ንቅንቅ አላለም። ጆሮውን ለጠፈ። ስፖንጁ ድምፁን ሁሉ ውጦት አንድ የወንድ ጉርምርምታ ብቻ ሰማ፤ ቃሉ አይለይም። ከዚያ የሥራነሽ ድምፅ፣ ከፍ ያለ። ለቅሶ ይሁን ሌላ ማወቅ አልቻለም። ራሱ በሠራው በር ተዘግቶበት ቆመ።

ጎማ ላይ ወጥቶ በመስኮቱ አጮለቀ። የሚታየው ጣራውና የግድግዳው ጫፍ ብቻ ነው። በዚያ ጫፍ ላይ የጠመንጃ አፈሙዝ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ፖሊስ ልጥራ?» አሉ አባ ዘማርያም በሹክሹክታ።

«ይጥሩ። እስኪመጡ ግን ትሞትብኛለች።»

ከመሣሪያው ሣጥን ትልቁን መዶሻ መዞ በጀልባዋ ኋላ ወደ ሞተሩ ክፍል ገባ። ያልተሞረደ የብየዳ ጫፍ ትከሻውን ተለተለው፤ ደሙ በክንዱ ወርዶ የመዶሻውን እጀታ አሟለጨው። በደረቱ እየተሳበ በቀዳዳው ሾልኮ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። ላስቲካቸው ያልተፈታ ጃኬቶች ፊቱ ላይ ተከመሩ፤ እስትንፋሱን ዋጠ። ሥራነሽ ሞታ ታየችው፤ በሕይወት ታየችው፤ መልሳ ሞታ ታየችው። ከእርሷ በኋላ የሚኖረውን ኑሮ አላየውም፤ አልነበረምና።

የሣጥኑን ክዳን አንድ ጣት ያህል አነሣ። ሰውየው እዚያ ነው፤ በሩን በሚያየው ወንበር ላይ፣ ጀርባውን ለእሱ ሰጥቶ። አለበል ደመኛ የት እንደሚቀመጥ አውቆ ነው የሠራው፤ አንለይም እንደ ደመኛ ተቀመጠ። የሦስት ወር ጠጉሩ ማጅራቱ ላይ ወርዷል። ከማዶ የሥራነሽ እጅ ወደ ሰውየው ፊት ተዘርግቶ ታየው። የምትከላከል መሰለው። የምትታገል መሰለው።

ክዳኑን በትከሻው በርግዶ ተነሣ።

ሥራነሽ አየችው። አፏን ከፈተች፣ ተነሥታም ቆመች፤ እሱ ግን እየመታ ነበር። መዶሻው የአንለይ ጆሮ ግንድ ላይ አረፈ። እንጨት ሲሰነጠቅ የሚያውቀው አለበል ይህን ድምፅ ግን አያውቀውም። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ሣህኑ ተከተለው። አንለይ በጎኑ ወለሉ ላይ ወደቀና በአንድ ክንዱ ሊነሣ ሞከረ። ዞሮ አለበልን አየው። ሊናገርም ፈለገ፤ አፉ ግን ሞልቶ ነበር።

«አለበል! አለበል!» ትላለች ሥራነሽ።

እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ሰውየው ወድቋል፣ እጁ ባዶ ነው፣ ዓይኑ ይለምናል። አለበል ግን የሦስት ወር ፍርሃት ክንዱ ላይ ተሰብስቦበት ነበርና ደገመው። ሠለሰው። አንለይ አንድ ጊዜ በእግሩ ቁም ሣጥኑን ረገጠና ተዘረጋ። ደሙ አለበል ጉድፍ እንዳይኖረው ብሎ ባለሰለሰው ወለል ላይ፣ ሳይደናቀፍ፣ እስከ በሩ ሥር ፈሰሰ።

ከዚያ አለበል ከእጁ የማይላቀቀውን መዶሻ ይዞ ሚስቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። አልተቧጠጠችም። ነጠላዋ እንኳ አልተጎተተም።

«ምን አረገሽ?» አላት። «የት ነካሽ?»

እጇን ወደ እሱ ዘረጋች። በቀኝ እጇ ጣቶች ላይ ምስር ወጥ አለ። አለበል ያንን ወጥ አየ፤ ከዚያ ከአንለይ አፍ የወጣውን ጉርሻ አየ። ከዚያ ጠመንጃውን አየ። ማንም አልያዘውም፤ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጥይቶቹ ወጥተው ማብሰያው ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል። እነዚህን ሁሉ ትንሽ ሰፋ ባለ መስኮት ማንም ሕፃን ሊያያቸው ይችል ነበር።

«አንተን ሊገድል ነው የመጣው» አለች ሥራነሽ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆኗል። «ገብቶ ቀረቀረ፤ ሰው እንዳይደርስበት ፈርቶ። እዚያ ተቀምጦ ጠበቀህ። እያየ ነበር። ጠረጴዛውን በእጁ ሲዳብሰው ቆየና ‹ይሄን ሁሉ እሱ ነው የሠራው?› አለኝ። እሱ ነው አልኩት። መልሶ ዳበሰው። ከዚያ ‹እህል አለሽ?› አለኝ።»

አለበል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። 

«ያልሰማሁ መሰለኝ። ‹የማን ቤት እህል እንደሆነ ታውቃለህ?› ብዬ ጮህሁበት። ‹አውቃለሁ፤ ስጪኝ› አለ። ‹እናቴን፣ መንገድ ላይ ራበኝ፣ ሳላውቅ በላሁ፣ እላታለሁ፤ ሌላ ምን እላታለሁ?› አለ። ጥይቱን ራሱ ነው ያወጣው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እኔ አጎረስኩት።»

ከውጭ አባ ዘማርያምና ሌሎች ሰዎች በሩን ይደበድባሉ፤ በስፖንጁ ውስጥ የሚሰማው እንደ ሩቅ ሙቀጫ ነው። አለበል ሊከፍትላቸው አልተነሣም። ሁለት ልጅ የሞተባትን እናት አሰበ፤ ከዚህ በኋላ በየትኛው ደጅ ማን ድንጋይ እንደሚሸከም አሰበ። መዶሻው አሁንም እጁ ላይ ነው።

ሥራነሽ ጎንበስ ብላ ከተገለበጠው ጠረጴዛ ሥር ምሳ ዕቃውን አነሣች። ክዳኑ በሥርዓት ተገጥሟል። ከፈተችና ፊቱ አስቀመጠችው። ከመሐል የተቆረሰ እንጀራ፣ ግማሽ፣ ከነወጡ።

«ግማሹን አልበላም አለኝ» አለች። «‹ሲመጣ አብረን እንበላዋለን› ብሎ ላንተ አስቀረልህ።»